ውኃችን ያለፈቃድ በዘጠና ሦስት ዲግሪ ስለመፍላቱ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
በቢሮዎ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የወገብዎ ሕመም አዲሱ ወንበር ከመጣ ወዲህ ታግሦልዎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የደም ግፊትዎም መጽሐፍ ባዘዘው ቁጥር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ እንደ አንዳንድ ሥርዓት የለሽ ፈሳሾች እንዳለበት ቦታ ከፍ ዝቅ እንዳይል ከልብ እመኛለሁ። እኔም ባይጠይቁኝ ደኅና ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የሌላ ሰው ቃል ስጽፍ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ የራሴን ቃል እንድጽፍ የመጀመሪያውን ምክንያት የሰጡኝ እርስዎ ነዎትና ለዚህም ምስጋናዬ አስቀድሞ ይድረስዎ።

በስምንተኛ ክፍል የምትማረው የእህቴ ልጅ አሳዳጊ ነኝ። እናቷ ከከተማችን ሁለት ሰዓት ቁልቁል በሚያስኬደው ሸለቆ ውስጥ የውኃ ፓምፕ ጣቢያ ሠራተኛ ስለሆነች፣ ልጅቱ በትምህርት ቀናት የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ባለፈው ሰኞ በደብተሯ መካከል ታጥፎ የመጣው ቅጽዎ ደርሶኛል። ላላዩት አንባቢዎች እንዲረዳ እዚህ ልገልብጠው፤ ረጅም አይደለም፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እኔ ከዚህ በታች የፈረምኩት ተማሪ፣ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን አረጋግጣለሁ። በፈተና ላይ ከዚህ የተለየ መልስ የጻፍኩት በሳይንስ መምህርቷ ተነግሮኝ ነው።»

ከሥሩ ለተማሪ አንድ፣ ለአሳዳጊ አንድ የነጠብጣብ መስመር አለ። እስከ ዓርብ ያልፈረመ ተማሪ ሰኞ በሚጀመረው የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ላይ እንደማይቀመጥና ክፍሉን እንደሚደግም ተነግሮናል፤ የተፈረሙት ቅጾች ደግሞ ተጠርዘው፣ መምህርቷን ከክፍል አውጥቶ ንብረት ክፍል ለማስገባት ማስረጃ እንደሚሆኑ ሰምተናል። ቅጹ ለመልስ የተወልን ቦታ አራት ሴንቲሜትር ተኩል ብቻ ስለሆነ (ለክተነዋል፤ መለካት እንደ ጉንፋን ነው፣ አንድ ቤት ከገባ ሁሉንም ያዳርሳል) መልሴን በዚህ ሰፋ ባለ ወረቀት ለመስጠት፣ ያልተከፈለዎትንም ምስጋና ሁሉ በተራ ቁጥር ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፦ ቤተ ሙከራችንን እንደ ዓይንዎ ብሌን ስለጠበቁልን እናመሰግናለን። በሩ ሁለት ቁልፍ አለው፤ በሁለቱ ቁልፎች መካከል ወረቀት ተለጥፎ በቀይ ሰም ታሽጓል፤ ሰሙ ላይ የትምህርት ቤቱ ማኅተም አርፏል። ውስጥ ስድስት ማይክሮስኮፖች ከፋብሪካ ሲመጡ የለበሱትን ላስቲክ እንደለበሱ ቆመዋል፤ ሃያ አራት ቴርሞሜትሮች ከነካርቶናቸው ተኝተዋል። በዓመት አንድ ቀን የቆጠራ ኮሚቴው ጫማውን አውልቆ በካልሲ ይገባል፣ ይቆጥራል፣ ይወጣል፣ እንደገና ያሽጋል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ዕቃ እንዳልተሰበረ በወላጆች ስብሰባ ላይ በኩራት ሲያበሥሩን ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ያልተነካ ነገር እንደማይሰበር ከእርስዎ በፊት በዚህ ያህል ጥንቃቄ ያረጋገጠ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የልጆቹ የተግባር ትምህርት በኮሪደሩ ይሰጥ ነበር። ሦስት ሦስት እየሆኑ በመስኮቱ ለሁለት ደቂቃ ያያሉ፤ ከዚያም ደብተራቸው ላይ «ተመልክቻለሁ» ብለው ይጽፋሉ። አምና መስኮቱ እስከ እኩሌታው ነጭ ቀለም ከተቀባ ወዲህ አጫጭሮቹ በረጃጅሞቹ ትከሻ ላይ እየወጡ ሲመለከቱ ቆይተዋል፤ የእህቴ ልጅ ከአጫጭሮቹ ወገን ስለሆነች ስለ ሚዛን መጠበቅ የምታውቀውን ሁሉ ያወቀችው እንዲህ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል። የእርስዎ ላም ግን ሰማይ ድረስ መሄድ አላስፈለጋትም፤ እዚሁ ምድር ላይ፣ ከሰባተኛ «ሀ» ክፍል አጠገብ፣ በሰም ታስራለች።

ሁለተኛ፦ መምህርቷን ስለቀጠሩልን እናመሰግናለን። ይህ በስህተት የተደረገ ሊሆን እንደሚችል ይገባኛል፤ ቢሆንም ስህተትም ሲጠቅም ማመስገን ደግ ነው። ልጆቹ ቲቸር ብሎን ይሏቸዋል። የነጭ ጋውናቸው ኪስ በብሎንና በሽቦ ስለተሞላ ከመምጣታቸው በፊት ይሰማሉ፤ ደወሉ የተበላሸ ሰሞን አራተኛው ክፍለ ጊዜ መጀመሩን የምናውቀው በእሳቸው ኪስ ነበር ብለው ልጆቹ ይምላሉ። የመጀመሪያ ቀን መጽሐፉን አልገለጡም። አንድ ጆንያ ይዘው ገብተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት፦ ክንፉ የተሰበረ ቬንትሌተር፣ የማይበራ የእጅ ባትሪ፣ የብስክሌት መንፊያ፣ ዘንግ የሌለው የግድግዳ ሰዓት። ከዚያ «እስኪ ፍቱት» አሉ። አንዱ ልጅ ፈራ ተባ እያለ «ቲቸር፣ ቢበላሽስ?» ቢላቸው፣ «ተበላሽቶ ነው የመጣው የኔ ልጅ፤ ከዚህ ወዲያ የት ይሄዳል?» ብለው መፍቻውን ሰጡት።

የዚህ ትምህርት ውጤት ቤቴ ድረስ መጥቷል። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሬዲዮኔ ጋዜጣ ላይ አንጀቱን ዘርግፎ አገኘሁት፤ ብሎኖቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል። ልጅቱ ቀና እንኳ ሳትል «ጋሼ፣ አይቆጡ፤ ውስጡ የሚያጉረመርመውን ነገር እየፈለግኩት ነው» አለችኝ። አልተቆጣሁም ብል እዋሻለሁ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ነው የተቆጣሁት። ከሁለት ሰዓት በኋላ መልሳ ገጠመችው። ሁለት ብሎን ተረፈ፤ ሬዲዮኑ ግን ለአሥራ አራት ዓመት ያጉረመረመውን ማጉረምረም በዚያው ተወ። የተረፉት ሁለቱ ምን ይሠሩ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅኩም። በብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያሉ አሉና አልተደነቅኩም።

ሦስተኛ፦ ወደ ውኃው ልምጣ፤ ነገሩ የፈላው እዚህ ላይ ነውና። የመጽሐፉ ገጽ ስልሳ አራት ውኃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል ይላል። ቲቸር ብሎን ገጹን ካስነበቡ በኋላ «ከእናንተ ውስጥ ይህን ያየ አለ?» ብለው ጠየቁ። ውኃ ሲፈላ ያላየ አልነበረም፤ መቶውን ያየ ግን አልተገኘም። «እንግዲያው እንየው» አሉ። አንድ ቴርሞሜትር ከቤተ ሙከራው እንዲወጣ በጽሑፍ ጠየቁ፤ እርስዎም «ዕቃዎቹ አገልግሎት ላይ ከዋሉ አዲስነታቸውን የሚያጡ በመሆኑ» ጥያቄውን መቀበል እንደሚቸግርዎ በትሕትና ገለጹ። ይህን መልስ ደግመው ደጋግመው ቢያነቡት እንደ እኔ ይወዱታል። ስለዚህ ወተት ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ የሆነው ጎረቤታችን የሥራ ቴርሞሜትሩን አዋሰን።

ማንቆርቆሪያው ክዳኑ ተከፍቶ በቡታጋዝ ላይ ተጣደ። ቀዩ መስመር ሰባ ገባ፣ ሰማንያ ገባ፣ ዘጠናን ዘለለ፣ ዘጠና ሦስት ላይ ቆመ። ውኃው ይንተከተካል፤ መስመሩ አይነቃነቅም። ልጆቹ ግብ አፋፍ ላይ እንደደረሰ ተጫዋች «በለው! ትንሽ ናት! ውጣ!» እያሉ ቢጮኹለትም አልወጣም። ማንቆርቆሪያ ቀየሩ፤ ዘጠና ሦስት። የቧንቧውን ውኃ ደፍተው የጉድጓድ ውኃ አመጡ፤ ዘጠና ሦስት። ቁጥሩን የሚያነበው የክፍሉ ቀልደኛ ስለነበር «አንተ ዓይንህ ሸውራራ ነው» ተብሎ ከቦታው ተነሣ፤ በምትኩ የተሾመችውም ዘጠና ሦስት አነበበች። በመጨረሻ አንዱ «ቴርሞሜትሩ ሰነፍ ነው» ብሎ ፈረደ። መምህርቷም «ሊሆን ይችላል፤ ግን ሰነፍ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አሉ። በእርስዎ ዘመን በዚህ ትምህርት ቤት ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ አደገኛው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የእህቴ ልጅና ሁለት ጓደኞቿ ቅዳሜ ቴርሞሜትሩን እንደ አራስ ልጅ በእኔ የአንገት ልብስ ጠቅልለው፣ በአውቶቡስ ወደ እናቷ ወረዱ። በፓምፕ ጣቢያው ውኃ ተጣደ፤ ሰነፍ የተባለው ቴርሞሜትር ዘጠና ሰባት ወጣ። እህቴ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ከውኃ ጋር የኖረች ሴት፣ ጉዱን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ «ለዚህ ነው ሁለት ሰዓት የተሳፈራችሁት? እኔን ብትጠይቁኝ አይሻልም ነበር? እዚህ ባቄላ ጥጄ ዞር ስል ይበስላል፤ እናንተ ጋ ስመጣ ቀኑን ሙሉ ያስቆመኛል» አለቻቸው። ማን ይናገር የነበረ ማለት ይኸው ነው።

ሰኞ መምህርቷ የቀረውን አስረዱ። አየር ክብደት አለው፤ ውኃው ላይ ተጭኖ እንዳይነሣ ይይዘዋል፤ እኛ ከባሕር ወለል ሁለት ሺህ ሜትር ከፍ ብለን ስለምንኖር የሚጫነው አየር ቀለል ይላል፣ ውኃውም በትንሽ ሙቀት ይነሣል። መጽሐፉን ማንም አልሰደበውም። መቶው እውነት ነው፤ በባሕር ጠርዝ ላለ ሰው። ባሕሩ እኛ ድረስ ከወጣ በእኛም ዘንድ እውነት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን የውኃ መፍያ ነጥብ ከሚያሳስቡን ጉዳዮች የመጨረሻው ነው የሚሆነው። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ቲቸር ብሎን አንድ መመሪያ ብቻ ሰጡ፦ «ያያችሁትን ጻፉ፤ ያላያችሁትን አትጻፉ።» መመሪያ ማውጣት ለርዕሰ መምህር ብቻ የተፈቀደ መሆኑን በዚያ ሰዓት አላሰቡትም።

አራተኛ፦ ባለፈው ወር ስለተሰጠው ፈተና። ሰባተኛው ጥያቄ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል የሚል ነበር። አርባ አንዱም ተማሪዎች «በትምህርት ቤታችን በ93» ብለው ጻፉ። ሸለቆው ወርደው የነበሩት ሦስቱ «በሸለቆው በ97» የሚል ጨመሩ። ሠላሳ ስምንቱ ግን ስለ ሸለቆው ቢሰሙም አልጻፉም፤ አላዩትምና። እዚህ ላይ ጥቂት እንዲቆሙልኝ እለምናለሁ። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት የአጎቱ ልጅ የሰማውን «በዓይኔ አየሁ» ብሎ የሚምል ጎልማሳ ስመዘግብ ኖሬያለሁ፤ ቃላቸውን ዓይናቸው ባየው ልክ ቆርጠው ያቆሙ ሠላሳ ስምንት ምስክሮች ግን በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። ይህን ያገኘሁት በትምህርት ቤትዎ ነው፤ እርስዎም ዜሮ ሰጡት።

ምክንያትዎን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብቤዋለሁ፦ «አርባ አንድ ተማሪ አንድ ዓይነት ስህተት ሊሳሳት የሚችለው ሲኮራረጅ ብቻ ስለሆነ።» አርባ አንዱም መቶ ብለው ቢጽፉ ኖሮ ያው አንድ ዓይነት መልስ ዕውቀት ይባል ነበር። ከዚያ አምስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ፤ ዘጠኝ ገጽ ቃለ ጉባኤ ጻፈ፤ በሦስቱም ስብሰባ ትኩስ ሻይ ቀረበለት። በዘጠኙ ገጽ ውስጥ ግን አንድ ማንቆርቆሪያ ስለመጣዱ የተጻፈ ቃል የለም። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይላል አባባሉ። የእርስዎ ኮሚቴ ውኃውን ሦስት ሳምንት ወቀጠው፤ ማፍላት ብቻ ነበር የቀረው።

አምስተኛ፦ በጠዋት ሰልፍ ላይ ድምፅ ማጉያ ይዘው «ውኃ በስንት ይፈላል?» እያሉ፣ ስድስት መቶ ልጆች «በመቶ!» ብለው ሦስት ጊዜ እንዲጮኹ ስላደረጉ እናመሰግናለን። በዚያው ሰዓት በሩ ላይ የጥበቃ ሠራተኛው ማንቆርቆሪያ እየፈላ ክዳኑን ያንቀጫቅጭ እንደነበር፣ ማንቆርቆሪያውም ስድስት መቶ ልጅ ቢጮኽበት ሳይታረም እንደቀጠለ ሠራተኛው ነግሮኛል።

የተቆጠረው ምስጋናዬ እዚህ ላይ አለቀ። የቀረውን ያለ ቁጥር ብጽፈው ይሻላል።

ሰኞ ማታ ልጅቱ ቅጹን ከእራት ሳህኔ አጠገብ አስቀመጠችው። እውነቱን ልንገርዎ፣ ክቡር ሆይ፦ እኔ ለመፈረም እስክሪብቶ ፈልጌያለሁ። ከነገሩ ጦም እደሩ ብሎ ያሳደገኝ ትውልድ ልጅ ነኝ። «ልጄ፣ ፈርሚና እለፊ፤ ውኃው እንደሆነ አይቀየምሽም» አልኳት። «ውኃውማ አይቀየምም፣ ጋሼ» አለችኝ፤ «ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ግን አነበቡት?» አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ ውኃ ነው፤ ውኃ ራሱን ይችላል። ሁለተኛው ግን ስለ ሰው ነው። «ተነግሮኝ ነው» የሚለው ቃል ሥራውን እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሰው ያላየውን አየሁ ብሎ፣ ያየውንም ተነገረኝ ብሎ ሲፈርም ወረቀቱን አዙሬ መስመሩን በጣቴ የማሳየው፣ እስክሪብቶውንም የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ነው እል ነበር። በእርግጥም ሥራዬ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቲቸር ብሎን ራሳቸው ቤታችን መጡ። ያለ ጋውን መጥተው ስለነበር መምጣታቸውን አልሰማንም። የመጡት ልጅቱ እንድትፈርም ሊለምኑ ነው። ካልፈረሙት ቤቶች ሁሉ እየዞሩ ይህንኑ ሲሉ መዋላቸውን በኋላ ሰማሁ። «ለእኔ ብለሽ ዓመት እንዳታቃጥዪ» አሏት፤ «ንብረት ክፍል ሞት አይደለም፤ እዚያም ብሎን አይጠፋም።» ልጅቱ መሬት መሬት እያየች «ቲቸር፣ ያላያችሁትን አትጻፉ ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለቻቸው። «ነኝ።» «እሺ፤ እርስዎ ዘጠና ሦስት ብላችሁ ጻፉ ሲሉን እኔ አላየሁም። ታዲያ እንዴት ልጻፈው?» መምህርቷም ተነሥተው እጃቸውን ሊታጠቡ ብለው ወጡ፤ ንጹሕ እጅ ለመታጠብ ያን ያህል መቆየታቸውን አይተን እንዳላየን ሆንን።

ልጅቱን ጀግና አድርጌ ልሥልልዎ አልፈልግም። ሲሄዱ አልቅሳለች። ጓደኞቿ ዘጠነኛ ሲገቡ እሷ ከታናናሾቿ ጋር በዚያው ወንበር መቀመጧን፣ ያንኑ ገጽ ስልሳ አራት እንደገና መገልበጧን ስታስበው አልቅሳለች። እስከ ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ሃያ ስድስት ቤተሰብ ፈርሟል፤ አንዳቸውንም አልወቅስም፣ ከእነሱ መካከል ሰኞ ማታ የነበረውን ራሴን አየዋለሁና። የሚገርመኝ ለሚዛወሩት መምህርት የሚሰጣቸው ሥራ ነው። ንብረት ክፍል ማለት የዚያ የታሸገው በር ቁልፍ ያዥነት እንደሆነ ሰምቻለሁ። በግቢው ውስጥ ዕቃዎቹን መጠቀም የሚያውቁት ብቸኛዋ ሴት፣ ዕቃዎቹን ከተጠቃሚ እንዲጠብቁ መመደባቸውን ሳስብ፣ ይህን ያህል በጥንቃቄ የተዘጋጀ ቅጣት ከየት እንደመጣልዎ እደነቃለሁ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ቅጽዎን ሳንፈርም በክብር መልሰናል። በምትኩ ልጅቱ በራሷ እጅ ያዘጋጀችውን ቅጽ አያይዣለሁ። የእርስዎን አርአያ ተከትላ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ አድርጋዋለች፦ «እኔ ከዚህ በታች የፈረምኩት ተማሪ፣ በትምህርት ቤታችን ውስጥ ውኃ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን የነገረኝ ሰው የለም።» ፈርማበታለች፤ እኔም በአሳዳጊነቴ ፈርሜያለሁ። ዛሬ ከቀትር በፊት አሥራ አራት ወላጆች እያንዳንዳቸው አንድ ቅጂ ወስደዋል፤ ከእነሱም ውስጥ ሦስቱ የመጀመሪያውን ቅጽ ፈርመው የነበሩ ናቸው።

ሰኞ ጠዋት ልጅቱ እስክሪብቶና እርሳስ ይዛ በፈተናው ክፍል በር ላይ ትገኛለች። ከበሩ ከመለሷት ስምንተኛ ክፍልን ትደግማለች፤ በዚህ ተነጋግረንበት ተስማምተናል፣ እናቷም በስልክ «አንድ ዓመት ነው፤ እኔ ባቄላ እየጠበቅኩ ከዚያ በላይ ፈጅቻለሁ» ብላለች። እሷን ከመመለስዎ በፊት ግን ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡን፣ ጽሑፉም «ያየችውን በመጻፏ» የሚል ግልጽ ቃል እንዲኖረው በትሕትና እጠይቃለሁ። ሲፈርሙበት መስመሩን በጣቴ የማሳየው እኔ እሆናለሁ፤ ልምድ አለኝ።

የእርስዎንና የወንበርዎን ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ መቶ ዲግሪ በደረሰ አክብሮት፣ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ላይ ቆሜ፣ ከፍታው በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

ታዛዥዎ ለመሆን ብዙ የሞከርኩ፣
የስምንተኛ ክፍሏ ተማሪ አጎትና አሳዳጊ
የቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለወላጆች ኮሚቴ
ለአጣሪ ኮሚቴው (ከሻይ ጋር)
ለውኃ፣ እንዲያውቀው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅቱ በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ቢሮዎ ተጠርታ በቆመችበት ጊዜ፣ ሥራ ፈትታ ላለመቆየት ከበሩ ጀርባ የተሰቀለችውን የእንጨት ሜትርዎን በኪሷ ባለው ማስመሪያ ለክታታለች። ዘጠና ስምንት ሴንቲሜትር ናት። የጎደሉት ሁለት ሴንቲሜትሮች የት እንደሄዱ ልጅቱ ገና በማጣራት ላይ ስለሆነች እኔ ምንም ማለት አልችልም፤ እስካሁን ቃላቸውን የሰጡት ምስክሮች ግን ሁሉም መዳፋቸውን ነው የሚያሳዩት።